ክፍተት

ከሱለይቢኻት ዳር ባሕሩ ሲሸሽ ማታ
ጭቃው ይገለጣል እስከ ዓይን ማብቂያ ቦታ፤
በክንፉ የሚድኽ፣ ዓይኑ የፈጠጠ
ዓሣ መሳይ ፍጥረት ከጉድጓዱ ወጥቶ አፋፍ ተቀመጠ።

ጨረቃ ናት ይላሉ ውሃውን የሳበች።
አዎ፣ ግን አድልታ፤ አበላልጣ ሳበች፤
ለቅርቡ አብዝታ፣ ለሩቁ አሳንሳ፤
ከዚያች ልዩነት ነው ባሕር የሚነሣ።
ይኸው አድልዎ ነው ሰማይ ላይ ሲበረታ
የትንሽ ጋላክሲን ቋጠሮ የሚፈታ፤
እንደ ባዘቶ ስቦ፣ በቀስታ አሹሮ፣
ከዋክብቷን ፈትሎ በትልቁ ዙሪያ የሚያስቀር አዙሮ።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኤሲው ሲያንኮራፋ፣
ከሚሊዮን ነጥብ አንድ ክር ልመዝዝ ሌሊቱን ስለፋ፣
(የፍኖተ ሐሊብ የጥንት ጉርሻ ነው፣
አላምጣ ያልዋጠችው፣ ዛሬም አንገቷ ላይ የተጠመጠመው)
ሰዓዳ መጣች፤ መወልወያዋን በሩ ላይ አቆመች።
«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አለች።

«ጅረት ነው፤ የኮከብ። ትንሽ ጋላክሲ ነበረች፤
ትልቁ ጋ ስትቀርብ ከፊትም ከኋላም ጭራ አበቀለች፤
ዛሬ ጭራው ይዞራል፣ እሷ ግን አለቀች።»

«ከተበተኑ ወዲያ በምን ይታወቃሉ?»
«ባካሄድ፤ ፍጥነታቸው አንድ ነው፣ ባንድ ጎዳና ይነጉዳሉ።
በብረትም፤ ከአንድ ጋን የተቀዱ ናቸው፤
ቢለካ ቢሰፈር አንድ ነው ቅመማቸው።»

«እህ» አለች ሳቅ ብላ። «እኔም ዓርብ ገበያ
ጥቁር የለበሰች ሳይ፣ ከመቶ ሰው ወዲያ፣
የሐርቡን ልጅ በጀርባዋ አውቃታለሁ፤
ባዶ እጇን ሆና እንኳ ጀሪካን እንዳዘለ ሰው ስትራመድ አያለሁ።»

ያኔ ነው ሞኝነት የያዘኝ። «እኛም እንዲያው ነን» አልኩ፤
«ትልቁ ስቦን፣ ተበትነን…» ብዬ ቀጠልኩ።

«አንተ ተስበህ ይሆናል፤ የራስህን አውራ።
እኔ ቆጥሬ ነው የመጣሁ፤ በጣቴ፣ በተራ፦
ሁለት ዓመት ውል፣ ደግሞ ሁለት፤
ሐርቡ መንገድ ዳር ባለ ሦስት ክፍል ቤት፤
ቆርቆሮው ተመቷል፤ በሩ ነው የቀረኝ።
ኮከብህ ለእናቱ ብር ይልካል? ንገረኝ።»

መልስ አልነበረኝም።
እሷ ጎንበስ ብላ፣ በእርጥብ ጣቷ፣
ከክሩ መሐል አንዲት ባዶ ቦታ ነካች።
«እዚህ ጋ ተበጥሷል።»

ዶክተር ብሻየር ሦስት ወር የፈጀችባትን፣
እኔ ሁለቴ «የመሣሪያ ስሕተት ናት» ብዬ የሞገትኩባትን፣
ያችኑ ነበር የነካች።

«አንድ ነገር አልፎባት ነው» አልኳት።
«ብርሃን የለው፣ መልክ የለው፣ ክብደት ብቻ።
ማለፉን የምናውቀው በጎደሉት ነው።»

ጣቷን አላነሣችም።

«ጦይባ የምትባል ነበረች፣ በአውቶቡሳችን።
አራተኛው ወንበር፣ መስኮት ጥግ።
ብርቱካን ልጣ ላጠገቧ ሰው ግማሹን ሳትሰጥ አትበላም።
አንድ ቅዳሜ አልመጣችም። እሑድም።
ኃላፊው ስሟን በእርሳስ ሰረዘ፤ አለቀ።
ወንበሩ ላይ ግን እስካሁን አንዳችንም አንቀመጥ።
ምን እንዳለፈባት ያየ የለም።»

ከዚያ መወልወያዋን አንሥታ
ኮሪደሩን ከጥግ ጀመረች፣ እንደ ወትሮዋ።

ጎሕ ሲቀድ ውሃው ተመለሰ።
ያ ዓይነ ፈጣጣ ጉድጓዱ ገባ፤
ሌሊቱን ጭቃው ላይ የታተመ ዱካ ሁሉ
ሳይነበብ ተከደነ።

ብሻየር መጣች። ስክሪኑ ላይ የደረቀች አሻራ አይታ
በእጅጌዋ ጠረገቻት።
«አቧራ» አለች፤ ደግሞም «ቡና ጠጥተሃል?»

እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤
አውቶቡሱ ሲወጣ ወንበሮቹን እያየሁ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አራተኛው
ከፊት ይሁን ከኋላ
ሳልጠይቃት ቀረሁ።